አማካዩ አንጎል የማንም አይደለም

የነርቭ ሴሎች እርስ በርስ የሚያያዙበት መንገድ በአንድ ዝርያ ውስጥ ላሉ ጤነኞች ሁሉ አንድ ነው የሚለው አስተሳሰብ በነርቭ ሳይንስ ውስጥ ሥር የሰደደ ነው። በዚህ ቃል ደፍሮ የሚጽፈው ጥቂት ነው። ግን መማሪያ መጻሕፍቱ በአንድ ሥዕል ይጀምራሉ፤ ጥናቶቹ የብዙ ሰው ምስል ደራርበው አንድ አማካይ ያወጣሉ፤ ከአማካዩ ያፈነገጠው ግለሰብ ወይ የልኬት ስህተት ይባላል፣ ወይ ታማሚ። ንድፉን ጂን ያወጣዋል፣ ዕድገት ይገነባዋል፣ ልምድ እዚህም እዚያም ጥቂት ይነካካዋል፣ ንድፉ ግን ያው ነው ይሉናል። እኔ ይህ አስተሳሰብ ከሥሩ የተሳሳተ ነው እላለሁ። ስህተቱ በቤተ ሙከራ ብቻ ቢቀር ኖሮ ይህን ያህል ባላስጨነቀኝ ነበር፤ እስከ ሕሙማን አልጋ ድረስ ስለሚከተለን ነው ብዕር ያነሣሁት።

የሌላውን ወገን ክርክር በጠንካራው በኩል እንየው። ሮጀር ስፔሪ በ1940ዎቹ የእንቁራሪትን የዓይን ነርቭ ቆርጦ፣ ዓይኗን ግማሽ ዙር አዙሮ መልሶ አስቀመጠ። ነርቩ እንደገና በቀለ፤ ክሮቹም ተመልሰው የተያያዙት ከቀድሞው ቦታቸው ጋር ነበር። ስለዚህ እንቁራሪቷ ዝንብ ከላይ ሲታያት ወደ ታች ትወረወር ጀመር፤ ስህተቷንም አላረመችም። ስፔሪ ከዚህ ተነሥቶ በ1963 የነርቭ ክሮች በኬሚካዊ ምልክት እየተመሩ መድረሻቸውን እንደሚያገኙ ጻፈ። በ1981 ለእሱ በተሰጠው የኖቤል ሽልማት ላይ ዴቪድ ሁበልና ቶርስተን ዊዘልም ተካፍለዋል፤ እነሱ ደግሞ የዕይታ ኮርቴክስ፣ ማለትም ዕይታን የሚያስተናግደው የአንጎል ውጫዊ ሽፋን፣ ከሁለቱ ዓይኖች የሚመጣውን መልእክት እየተፈራረቁ በሚቀበሉ ረድፎች የተደራጀ መሆኑን ያሳዩ ናቸው። ከእነዚህ ሥራዎች በኋላ አንጎልን እንደ ተጠናቀቀ ንድፍ ማየት ለአንድ ትውልድ ሙሉ የተፈጥሮ ነገር መሰለ።

የስፔሪን ውጤት አልክድም፤ ሊካድም አይችልም። ክሩ ወደየትኛው ሰፈር እንደሚሄድ በደንብ የተወሰነ ነው። ሰፈሩ ከደረሰ በኋላ ከየትኛው ሴል ጋር፣ በምን ያህል ጥንካሬ፣ በስንት መገናኛ እንደሚያያዝ ግን ያ ሙከራ የነገረን ነገር የለም። ከሰፈሩ መወሰን ተነሥተው የእያንዳንዱን ቤት በር ቁጥር የተወሰነ ያስመሰሉት በኋላ የመጡ ሰዎች ናቸው።

ይህን ዝላይ የሚያፈርሰው ማስረጃ የመጣው ማንም ካልጠበቀው ቦታ፣ ከሸርጣን ሆድ ነው። ሸርጣንና ሎብስተር ምግባቸውን የሚፈጩበት ጥርስ ያለው ሆዳቸው ውስጥ ነው። የሆዱን ጡንቻዎች በምት የሚያንቀሳቅሰው ስቶማቶጋስትሪክ ጋንግሊዮን የሚባል ትንሽ የነርቭ ጉብታ ሲሆን፣ በውስጡ ያሉት የነርቭ ሴሎች 30 ገደማ ብቻ ናቸው። ሴሎቹ እያንዳንዳቸው ስም አላቸው፤ በአንዱ ሸርጣን ውስጥ የሚታወቀው ሴል በሌላውም ተፈልጎ ይገኛል። ምቱም ከሸርጣን ሸርጣን ይመሳሰላል፤ ሦስት ዓይነት ሴሎች በየተራ፣ ቅደም ተከተላቸውን ሳይስቱ ይተኩሳሉ። ንድፍ የሚባል ነገር ካለ እዚህ ይገኛል ብሎ መወራረድ ይቻል ነበር። በአሜሪካ ብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲ የምትገኘው ኢቭ ማርደር ሙሉ የሥራ ዘመኗን ለዚህች ጉብታ ሰጥታ ያገኘችው ግን የዚህን ተቃራኒ ነው።

የነርቭ ሴል የሚተኩሰው በሽፋኑ ላይ ባሉት የአዮን በሮች አማካይነት ነው፤ አንዱ በር ሶዲየም ያስገባል፣ ሌላው ፖታሲየም ያስወጣል፣ ሌላው ካልሲየም። በ2006 ዴቪድ ሹልዝ፣ ዣን ማርክ ጎያርና ማርደር ስማቸው አንድ የሆነ ሴሎችን ከተለያዩ ሸርጣኖች ወስደው የእነዚህን በሮች መጠን ለኩ። በአንዱ ሸርጣን ውስጥ ያለው መጠን ከሌላው ከሁለት እስከ አራት እጥፍ ይለያይ ነበር። ሴሉ ያው፣ ሥራው ያው፣ ምቱ ያው፤ የተሠራበት ልክ ግን የየብቻው። በየቤቱ የሚሰናዳ በርበሬ አንዲት እናት ኮረሪማውን አብዝታ፣ ሌላዋ ጥቁር አዝሙዱን ከፍ ነጩን ዝቅ አድርጋ እንደምታስማማው፣ ሴሉም የአንዱን በር ትርፍ በሌላው በር እያካካሰ እዚያው ምት ላይ ይደርሳል።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ አስትሪድ ፕሪንዝ፣ ዲርክ ቡኸርና ማርደር ጉዳዩን በኮምፒውተር ፈትሸውት ነበር። የዚህን የሦስት ሴሎች መረብ ከ20 ሚሊዮን በላይ ስሪቶች፣ የሴሎቹን ባሕርይና የግንኙነቶቹን ጥንካሬ እየለዋወጡ ሠሩ። ከእነዚህ መካከል 452,516 ያህሉ የእውነተኛውን እንስሳ ምት የሚመስል ምት አወጡ። ከአራት መቶ ሺህ በላይ የተለያዩ መንገዶች ወደ አንድ ውጤት ያደርሳሉ ማለት ነው። «ትክክለኛው መረብ የቱ ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ ይህ ነው፦ አንድ ትክክለኛ የለም።

ለክርክሬ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ብዙም የማይጠቀሰው የ2002 ሥራ ነው። ሆርሄ ጎሎዋሽ፣ ማርክ ጎልድማን፣ ላሪ አቦትና ማርደር አንድ ዓይነት ምት ያላቸውን ብዙ የሴል ሞዴሎች ሰበሰቡ፤ የአዮን በሮቻቸውን መጠን ደምረው አካፈሉና በአማካዩ መጠን አንድ ሴል ሠሩ። አማካዩ ሴል አማካይ ከወጣለት ቡድን እንደ አንዱም አልሆነም፤ ባሕርዩ ሌላ ሆነ። የሚሠሩት ሁሉ በየራሳቸው ሚዛን የሚሠሩ ስለሆኑ የሚዛኖቹ መሐል ሚዛን የለውም። የሃያ ሰው አንጎል ደራርቦ «የሰው አንጎል እንዲህ ይሠራል» የሚል ሁሉ ይህችን አንዲት ጥናት ጠረጴዛው ላይ ቢያስቀምጣት እመኛለሁ።

እዚህ ላይ የሚመጣው ተቃውሞ የታወቀ ነው። «ውጤቱ አንድ ከሆነ ልዩነቱ ምን ያደርጋል? ተፈጥሮ ራሷ ችላ ያለችውን እናንተ ለምን ታነሣሣላችሁ?» ለዚህ የሚመልሰው የሸርጣኑ ሙቀት ነው። የማርደር ቤተ ሙከራ የሆዱን ነርቭ ከ7 እስከ 23 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ውስጥ ሲፈትነው ምቱ ይፈጥናል እንጂ ቅደም ተከተሉን አይለቅም፤ ሁሉም ሸርጣኖች ይመሳሰላሉ። ሙቀቱ ከዚያ እያለፈ ሲሄድ ምቱ ይፈርሳል፤ አፈራረሱ ግን ከሸርጣን ሸርጣን ይለያያል። አንዱ ቀድሞ ይወድቃል፣ ሌላው ዘግይቶ፤ አንዱ ዝም ይላል፣ ሌላው ሥርዓት አጥቶ ይንተከተካል። በሰላሙ ጊዜ ተደብቆ የነበረው ልዩነት በመከራ ጊዜ ይገለጣል። ሁለት ጤነኛ የሚመስሉ ሰዎች በአንድ ዓይነት ትኩሳት፣ በአንድ ዓይነት መድኃኒት፣ በአንድ ዓይነት የጭንቅላት ምት ለምን የተለያየ ነገር እንደሚገጥማቸው ለሚጠይቅ ሐኪም፣ ይህ የሸርጣን ውጤት ቢያንስ ጥያቄውን በትክክል እንዲያነሣ ያስተምረዋል። ልዩነትን ከጥናቱ ጠርጎ የሚያወጣ ሰው ያንን ጥያቄ መመለስ ቀርቶ ሊያየው አይችልም።

ሁለተኛው ምሽጋቸው ጂንና አስተዳደግ ነው። «እሺ፣ ግለሰቦች ይለያያሉ፤ ግን ልዩነቱ ወይ ከዘር ነው ወይ ከአካባቢ፣ ንድፉን ያስለወጠው አንድ ምክንያት አለ» ይላሉ። ይህ ክርክር ከወደቀ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። በ1973 ኤድዋርዶ ማካኞ፣ ቪንሰንት ሎፕሬስቲና ሳይረስ ሌቪንታል ዳፍኒያ የምትባለውን የኩሬ ውኃ ጥቃቅን እንስሳ መረጡ፤ ዳፍኒያ ያለ ወንድ ስለምትራባ እናትና ልጆች በጂን አንድ ናቸው። የዕይታ ነርቮቻቸውን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሽፋን በሽፋን ሲመረምሩ የሴሎቹ ብዛት ያው ነበር፤ የቅርንጫፎቻቸው ዝርዝርና የግንኙነቶቻቸው ብዛት ግን ይለያይ ነበር። ጂኑ አንድ፣ ውኃው አንድ፣ መረቡ የየግል።

ሲ ኤለጋንስ የተባለችው ትል የንድፈኞች መመኪያ ነበረች፤ 302 የነርቭ ሴሎቿ ሁሉ ተቆጥረው ያለቁ ናቸው። ከሲድኒ ብሬነር ቡድን ጆን ዋይትና ባልደረቦቹ በ1986 ያሳተሙት ካርታ የአንድ እንስሳ ሙሉ የነርቭ መረብ ካርታ ተብሎ ይጠቀሳል። በእውነቱ ግን ካርታው ከተለያዩ ትሎች የተወሰዱ ክፍሎች ተገጣጥመው የተሠራ ነው። ያን ጊዜ ከዚያ የበለጠ ማድረግ አይቻልም ነበርና ሥራውን አደንቃለሁ፤ ጥፋቱ የተገጣጠመውን ትል እንደ ትሎች ሁሉ አባት ማየት ነው። በ2021 ከሃርቫርድና ከቶሮንቶ የተውጣጣ ቡድን ከተወለዱበት እስከ ጉልምስና ባሉ ደረጃዎች የነበሩ፣ በጂን አንድ የሆኑ የስምንት ትሎችን አንጎል ሙሉ አነበበ። ከግንኙነቶቹ 40 በመቶ ያህሉ ከትል ትል የማይደገሙ ሆነው ተገኙ። ተቃዋሚዎቼ ወዲያው «የማይደገሙት ደካሞቹ ናቸው» ይላሉ፤ እውነት ነው፣ በአብዛኛው ደካሞቹ ናቸው። ይህ ግን ለእኔ ይመሰክራል። ጠንካራ ግንድ አለ፤ በግንዱ ዙሪያ እያንዳንዱ እንስሳ የራሱ የሆነ ሰፊ ዳር አለው። ዳሩን ከካርታ ላይ መሰረዝ ለአንባቢ ይቀላል፣ ትሏን ግን አይገልጻትም።

አይጥ ጆሮዋን የምታንቀሳቅስበትን ትንሽ ጡንቻ ደግሞ የጄፍ ሊክትማን ቡድን በ2009 ተከታትሎ ነበር። እያንዳንዱ የነርቭ ክር የትኛውን የጡንቻ ክር እንደሚይዝ እስከ መጨረሻው ቅርንጫፍ ተለቀመ። የሁለት አይጦች ብቻ ሳይሆን የአንዲቱ አይጥ የግራና የቀኝ ጆሮ መረብ እንኳ አንድ አልሆነም። በአንድ አካል ውስጥ፣ አንድ ደም በሚመግባቸው፣ አንድ ጂን ባላቸው ሁለት ጎኖች መካከል የተፈጠረውን ልዩነት ለዘር ወይም ለአስተዳደግ መስጠት አይቻልም። ሦስተኛ ምንጭ አለ፤ እሱም ዕድገት ራሱ የሚያመጣው አጋጣሚ ነው። ሴሎች ሲከፈሉ፣ ክሮች ሲዘረጉ፣ ሞለኪውሎች ሲገናኙ የሚፈጠር አጋጣሚ።

ይህ አጋጣሚ በጠባይ ላይ ይታያል ወይ? ባሰም ሐሰንና ባልደረቦቹ በ2020 ያሳተሙት የፍራፍሬ ዝንብ ጥናት ይመልሳል። ዝንቦች በሁለት ጥቁር ዓምዶች መካከል እንዲሄዱ ሲደረግ አንዳንዶቹ ቀጥ ብለው ከአንዱ ወደ ሌላው ይመላለሳሉ፤ አንዳንዶቹ ይንከራተታሉ። እያንዳንዷ ዝንብ ይህን ጠባይዋን ከቀን ቀን ይዛ ትቆያለች። ተመራማሪዎቹ በዕይታ አንጎል ውስጥ የአንድ ዓይነት ሴሎች ክር በግራና በቀኝ ምን ያህል እንደሚለያይ ሲያዩ፣ የግራ ቀኙ ልዩነት በበዛ ቁጥር ዝንቧ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ጠባዩ ግን ከወላጅ ወደ ልጅ አይተላለፍም። የማይወረስ፣ ያልተማሩት፣ ግን ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ የግል ጠባይ! ንድፈኞቹ ለዚህ በመዝገባቸው ውስጥ ቦታ የላቸውም።

እንዲያውም አጋጣሚውን ያዘዘው ጂን ራሱ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በዝንብ ዓይን ውስጥ ስፓይንለስ የተባለ ጂን በእያንዳንዱ የዓይን ክፍል እንደ ዕጣ ይበራል ወይም አይበራም፤ በዚህም 70 በመቶ ገደማው አንዱን ዓይነት፣ 30 በመቶው ሌላውን ዓይነት ቀለም ተቀባይ ይሆናል። መጠኑ የታወቀ ነው፤ አቀማመጡ ግን በሁለት ዓይኖች እንኳ አይደገምም። የዝንብ የሽታ ትውስታ ማዕከልም እንዲሁ ነው፦ የሪቻርድ አክሴል ቡድን በ2013 እንዳሳየው፣ ኬንየን የሚባሉት ሴሎች ከሽታ ተቀባዮች የሚመጡትን መስመሮች የሚይዙት በአብዛኛው በዘፈቀደ ነው፤ በኋላ የተሠሩ ዝርዝር ጥናቶች መጠነኛ አድልዎ ቢያገኙም። ጥቅሙም ግልጽ ነው። ዝንብ በሕይወቷ የትኛው ሽታ እንደሚገጥማት አስቀድሞ የሚያውቅ ጂን የለም፤ ዘፈቀደው ለማንኛውም ሽታ የተለየ የሴሎች ስብስብ ዝግጁ ያደርጋል። አጋጣሚን ብክነት ብሎ የሚጠራ ሰው ይህን ያስብ።

ወደ ሰው ልምጣ። በዓይናችን ጀርባ ቀይና አረንጓዴ ብርሃን ለመለየት የሚያገለግሉ ሁለት ዓይነት ኮን ሴሎች አሉ። ሃይዲ ሆፈርና ባልደረቦቿ በ2005 የቀለም ዕይታቸው ጤነኛ የሆኑ ሰዎችን ዓይን በሕይወታቸው ሳሉ አንሥተው ሲቆጥሩ፣ የሁለቱ ሴሎች ንጽጽር ከ1.1 ለ1 እስከ 16.5 ለ1 ይለያይ ነበር። ይህን ያህል የተራራቁ ዓይኖች ያሏቸው ሰዎች «አረንጓዴም ቀይም ያልነካው ንጹሕ ቢጫ የቱ ነው?» ሲባሉ የሚጠቁሙት ብርሃን ተቀራራቢ ነው። ዕይታ የሚተካከለው ዓይኖቹ እኩል ስለተሠሩ ሳይሆን አንጎል የየራሱን ዓይን እያወቀ ስለሚያስተካክል ነው።

ሁበልና ዊዘል ያሳዩት የኮርቴክስ ረድፍም ከዚህ አላመለጠም። ዳንኤል አዳምስና ጆናታን ሆርተን በ2003 በደቡብ አሜሪካዎቹ ስኩዊረል ጦጣዎች ሲመረምሩት፣ በአንዳንዶቹ ጎልቶ ይታያል፣ በአንዳንዶቹ ከነጭራሹ የለም፣ በአንዳንዶቹ በከፊል ብቻ አለ። የሌላቸው ጦጣዎችም ያያሉ።

አሁን ደግሞ ስህተቱ ዋጋ የሚያስከፍልበትን ቦታ እንመልከት። በ1988 የታተመውና ለዓመታት የአንጎል ምስል ጥናት መለኪያ ሆኖ የኖረው የታለራክና የቱርኑ አትላስ የተሠራው ከአንዲት የ60 ዓመት ፈረንሳዊት ሴት አንጎል ነው። በኋላ የሞንትሪያል ኒውሮሎጂካል ተቋም በ305 ሰዎች ምስል ላይ የተመሠረተ ናሙና አወጣ፤ ሁሉም ቀኝ እጃቸውን የሚጠቀሙ፣ 239ኙ ወንዶች፣ አማካይ ዕድሜያቸው 23 ዓመት ግድም ነበር። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሠራባቸው ናሙናዎች ከዚህ መስመር የወረዱ ናቸው። በአዲስ አበባ የተነሣ የአንዲት አሮጊት የአንጎል ምስል በተለመደው ሶፍትዌር ሲተነተን፣ ተጎትቶና ተለጥጦ በሌላ አገር ወጣቶች ልክ ይሰፋል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ «ከመደበኛው ተለየች» ቢባል፣ ከማን መደበኛ? የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ከሌላው ሁሉ ቀድመው ይህን ጥያቄ ሊያነሡ ይገባል፤ በናሙናው ውስጥ አልተቆጠርንምና።

የአንጎል ቀዶ ሐኪሞች ግን ይህን እውነት ከተመራማሪዎች ቀድመው ተረድተውታል። ጆርጅ ኦጄማንና ባልደረቦቹ በ1989 የ117 ሕሙማንን ውጤት አሳተሙ፤ ሕሙማኑ ነቅተው ሥዕል እየጠሩ ሳለ ሐኪሙ የኮርቴክሱን ነጥቦች በትንሽ ኤሌክትሪክ እየነካ ንግግር የሚቋረጥበትን ቦታ ይፈልግ ነበር። ነጥቦቹ ከሰው ሰው ተለያዩ። መጽሐፍ የንግግር ቦታ ባለው ሥፍራ ምንም ያልተገኘባቸው ነበሩ፤ መጽሐፍ ካልጠቀሰው ቦታ ንግግር የተገኘባቸውም ነበሩ። ዛሬም ዕጢ በንግግር አካባቢ ሲገኝ ጠንቃቃ ሐኪም በሽተኛውን አንቅቶ ካርታውን ከራሱ ከበሽተኛው ያነባል። በአማካዩ ተማምኖ ቢቆርጥ የሚጠፋው የአንድ ሰው ቋንቋ ነው። በሕይወትና በንግግር ላይ ሲመጣ ማንም በንድፉ የማይምል ከሆነ፣ በምርምር ላይ የምንምልበት ምክንያት ምንድን ነው?

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስጠነቅቃለሁ። ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ «አንጎል እንደፈለጉት የሚቀረጽ ጭቃ ነው፣ ማንም በጥረት ምንም ይሆናል» የሚሉ የአዳራሽ ሰባኪዎች ከእኔ ወገን አይደሉም። ልዩነቱ ወሰን አለው። ከ20 ሚሊዮን የሸርጣን መረቦች የሠሩት ሁለት በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው፤ የቀሩት አልሠሩም። ብዙ መንገድ አለ ማለት መንገድ ሁሉ ያደርሳል ማለት አይደለም።

በመጨረሻ ገንዘቡና ጊዜው የሚፈስበትን ሥራ እንይ። በጥቅምት 2024 ፍላይዋየር የተባለው የጋራ ሥራ የአንዲት ሴት ዝንብን ሙሉ አንጎል አሳተመ፤ 139,255 የነርቭ ሴሎችና 50 ሚሊዮን ገደማ ግንኙነቶች። በሚያዝያ 2025 ደግሞ ከአንድ አይጥ የዕይታ ኮርቴክስ የተወሰደ አንድ ኪዩቢክ ሚሊሜትር፣ ከ200,000 በላይ ሴሎችና ከ500 ሚሊዮን በላይ ግንኙነቶች ይዞ ወጣ። ታላቅ ሥራ ነው፤ ሳልሰስት አመሰግናለሁ። ግን ሁለቱም የአንድ ግለሰብ ናቸው። የዝንቡ ቡድን ራሱ ካርታውን ቀደም ሲል ከተነበበ የሌላ ዝንብ ከፊል አንጎል ጋር ሲያስተያይ፣ በመጀመሪያዋ ዝንብ ተለይተው ከነበሩት የሴል ዓይነቶች ሲሶ ያህሉን በሁለተኛዋ በእርግጠኝነት ለይቶ ማግኘት አልቻለም። የኬንየን ሴሎች ብዛትም በሁለቱ መካከል በእጅጉ ተለያየ፤ ሆኖም የአነቃቂና የአፋኝ ግንኙነቶች ሚዛን ተጠብቆ ነበር። የሸርጣኑ ታሪክ በዝንብ አንጎል ውስጥ ተደገመ፤ ይህንንም ያወቅነው ሁለተኛ ዝንብ ስለተነበበች ብቻ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ሥራ የሚጠይቅ ነገር ነው። ትልቅ አንጎል አንድ ጊዜ ከማንበብ፣ ትንሽ አንጎል ሃያ ጊዜ አንብቡ። የቡድን አማካይ የምታሳትሙ ተመራማሪዎች፣ ከአማካዩ ጎን የእያንዳንዱን ሰው ውጤት አሳዩ፤ ያፈነገጠውን አትጣሉት፣ ለምን እንዳፈነገጠ ጠይቁት። በሕክምና ትምህርት ቤቶቻችን የምታስተምሩ መምህራን፣ የአንጎልን ካርታ ስትሰቅሉ የሁለተኛና የሦስተኛ ሰው ካርታ ከጎኑ ስቀሉ፤ ተማሪው ሥዕሉን ከማጥናቱ በፊት ልዩነቱን ይይ። የዳፍኒያው ውጤት ከታተመ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ከእንግዲህ አልሰማሁም ማለት አይቻልም።